«ኮጀንት» የሚለው ቃልና የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላቴ

ዛሬ የምገመግመው ዕቃ አዲስ አይደለም። ኦክስፎርድ አድቫንስድ ለርነርስ ዲክሽነሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ስምንተኛው እትም። ብዙዎቻችሁ በተማሪነታችሁ «ኦክስፎርዱን አቀብለኝ» እየተባባላችሁ የተጠቀማችሁበት ወፍራም መጽሐፍ። እኔ የምተዳደረው ሲያትል ውስጥ በአስተርጓሚነት ነው። ከሥራ ዕቃዎቼ ሁሉ ብዙ ሰዓት የማሳልፈው ከእሱ ጋር ነው። ሰሞኑን ደግሞ በአንድ ቃል ብቻ ፈተንኩት። ቃሉ «ኮጀንት» ይባላል።

«መዝገበ ቃላት በአንድ ቃል ይመዘናል ወይ?» የሚል አይጠፋም። ለእኔ ይመዘናል። እንጀራ ስገዛ የላይኛውን ገልጬ ዓይኑን አያለሁ እንጂ እሽጉን ሁሉ አልቀምስም። አንድ አስቸጋሪ ቃል ላይ የተጨነቀ አዘጋጅ ሌላውም ላይ እንደተጨነቀ አምናለሁ። «ጠረጴዛ»ን እና «ወንበር»ን ማንም ይፈታቸዋል። የሚፈትኑት የማመዛዘን ቃላት ናቸው። ሎጂካል፣ ራሽናል፣ ቫሊድ፣ ሳውንድ፣ ኮሄረንት፣ ኮጀንት። እኛ ሁሉንም «ምክንያታዊ» ወይም «አሳማኝ» ብለን እናልፋቸዋለን። እንግሊዝኛው ለየብቻ ያስቀመጣቸው ግን ለየብቻ ሥራ ስላላቸው ነው።

ቃሉ የመጣብኝ ከሥራዬ ነው። በዋሽንግተን ስቴት ፍርድ ቤቶች «ክሊር፣ ኮጀንት ኤንድ ኮንቪንሲንግ ኤቪደንስ» የሚባል የማስረጃ መለኪያ አለ። ሦስቱ ቅጽሎች እንደ አንድ ቃል ተያይዘው፣ በአንድ ትንፋሽ ነው የሚነገሩት። በተራ የፍትሐ ብሔር ክርክር ማስረጃው ሚዛን ከደፋ ይበቃል። በወንጀል ጉዳይ ደግሞ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ መረጋገጥ አለበት። ይሄኛው በሁለቱ መሀል ይቀመጣል። የዋሽንግተን ፍርድ ቤቶች ሲያብራሩት፣ ነገሩ እውነት የመሆን ዕድሉ እጅግ ከፍ ያለ መሆኑ መታየት አለበት ይላሉ።

ቀላል ነገር ላይ አይደለም የሚሠራበት። መንግሥት የአንድን ወላጅ መብት እስከወዲያኛው ላቋርጥ ካለ የሚጠየቀው ይሄ መለኪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሳንቶስኪ እና ክሬመር በተባለው ጉዳይ ላይ ወስኗል። አንድ ስቴት እናትን ወይም አባትን ከልጅ ለዘለዓለም ከመለየቱ በፊት ቢያንስ ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ማቅረብ አለበት ብሏል። ብዙ ስቴቶች «ክሊር ኤንድ ኮንቪንሲንግ» ይበቃቸዋል። ዋሽንግተን እና ኖርዝ ካሮላይና ግን መሀሉ ላይ «ኮጀንት»ን ይጨምራሉ።

እንግዲህ ይህን ሐረግ አንዲት እናት ቁጭ ብላ ትሰማለች። እንግሊዝኛው አይገባትም። የምትሰማው የእኔን ድምፅ ነው። አማርኛው ምን ይሁን?

ስለ ጉዳዮቹ አልናገርም፤ የሙያው ሥነ ምግባር ይከለክላል። የማወራችሁ እቤቴ ጠረጴዛ ላይ ስለሠራሁት ሥራ ብቻ ነው። ችሎት ገብቶ ቃል መፈለግ አይቻልም። ሰው እየተናገረ ነው፤ እኔም እየተከተልኩ ነው። የፍርድ ቤት አስተርጓሚ አይጨምርም፣ አይቀንስም፣ አያብራራም። ሕጉ ሦስት ቃል ካለ እኔም ሦስት ቃል ማለት አለብኝ። ስለዚህ ሥራው የሚሠራው ቀድሞ ነው፤ ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ።

ለአንድ ዓመት የከፈልኩበት የእንግሊዝኛ አማርኛ መተግበሪያ ስልኬ ላይ አለ። ስሙን አልጠራም። መጀመሪያ የከፈትኩት እሱን ነው። «ኮጀንት» ብዬ ጻፍኩ። «አሳማኝ» አለኝ። ጥሩ። «ኮንቪንሲንግ» ብዬ ጻፍኩ። «አሳማኝ» አለኝ። «ኮምፔሊንግ» አልኩት። «አሳማኝ»። «ፐርስዌሲቭ» አልኩት። አሁንም «አሳማኝ»። ያንን ይዤ ብሄድ ኖሮ ችሎት ውስጥ የምለው «ግልጽ፣ አሳማኝ እና አሳማኝ ማስረጃ» ነበር። ልጇን ልታጣ የምትችል ሰው ፊት ቆሞ እንዲህ አይባልም። ሰውየው ተደነቃቀፈ ወይስ ደገመው ብላ ትጠራጠራለች። ወይም ሁለተኛውን «አሳማኝ» ውጬ ሁለት ቃል ብቻ እላለሁ። ያ ደግሞ መቀነስ ነው።

መተግበሪያው ዋሽቷል አልልም። እያንዳንዱን ቃል ለብቻው ብትጠይቁት መልሱ አያስኬድም አይባልም። ችግሩ ቃላቱ አጠገብ ላጠገብ ሲቆሙ ነው የሚመጣው። ቃል ለቃል የሚመልስ መዝገበ ቃላት ጎረቤቱን አያይም።

ኦክስፎርዱን አወጣሁት። ይሄኛውን ያገኘሁት እዚሁ ሰፈር አንድ ያገለገሉ መጻሕፍት ሽያጭ ላይ ነው። 4 ዶላር ነው የከፈልኩበት። ሲዲው ከኋላ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ነበር። ጠርዙ ትንሽ ተቆራርጧል፣ ገጾቹ ግን ሙሉ ናቸው። ከሁለት ኪሎ እንጀራ እሽግ ብዙም አይቀልም። ቦርሳ ውስጥ ይዞት የሚዞር ሰው አላየሁም። የጠረጴዛ መጽሐፍ ነው።

«ኮጀንት» እዚያ ላይ ሦስት አራት መስመር ብቻ ነው የተሰጠው። እነዚያ መስመሮች ግን ሥራቸውን ያውቃሉ። መጀመሪያ አነባበቡን ያሳያሉ፤ የእንግሊዞቹንም የአሜሪካኖቹንም። ጫናው መጀመሪያው ክፍል ላይ ነው፤ «ኮው» ላይ። «ጀንት» ቀለል ብሎ ያልቃል። ይሄ ለእኔ ቁም ነገር ነው። ቃሉን በዓይን ብቻ የሚያውቁና «ኮገንት» የሚሉ ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ እኔም አስተማሪ በነበርኩበት ጊዜ እንደዚያ እል ነበር። ቀጥሎ የመደበኛ ንግግር ቃል መሆኑን ምልክት ያደርግበታል። ማለትም ቡና ላይ ተቀምጦ የሚባል ቃል አይደለም። ጽሑፍ ላይ፣ ችሎት ላይ፣ ክርክር ላይ ነው ቤቱ።

ከዚያ ፍቺው። ይዘቱን በራሴ አማርኛ ላስቀምጠው፦ በጥንካሬና በጥራት የተነገረ፣ ሰው የሚያምነውን ነገር እስከመለወጥ የሚደርስ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሁለት ነገር ነው የሚፈልገው። ጥንካሬ አንድ፣ ጥራት ሁለት። ምክንያትህ ጠንካራ ሆኖ ዝብርቅርቅ አድርገህ ብትናገረው ኮጀንት አይባልም። አጥርተህ ተናግረህ ፍሬ ከሌለውም አይባልም። ቀጥሎ «ኮንቪንሲንግ» የሚለውን በተመሳሳይነት ይሰጥና አንድ ምሳሌ ያስቀምጣል። ምሳሌው ውስጥ ቃሉ ከ«ምክንያቶች» ጋር ነው የተቆራኘው፤ አንድን ዕቅድ ለመተው ከቀረቡ ምክንያቶች ጋር። መጨረሻ ላይ ስሙን «ኮጀንሲ»ን እና ተውሳከ ግሡን «ኮጀንትሊ»ን ይሰጣል።

ምሳሌ የሌለው ፍቺ ግማሽ ፍቺ ነው። «ኮጀንት» ከማን ጋር ይሄዳል? ከክርክር፣ ከምክንያት፣ ከማስረጃ፣ ከትንታኔ፣ ከማብራሪያ ጋር። ከምግብ ጋር አይሄድም። ከሰው ውበት ጋር አይሄድም። ስለ አንድ ደስ የሚል ስጦታ አይባልም። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኜ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ተማሪዎቼ የቃል ፍቺ በቃላቸው ይሸመድዱና ዓረፍተ ነገር ሥሩ ስላቸው ቃሉን ባዕድ ቤት ወስደው ያስቀምጡት ነበር። ጥፋቱ የእነሱ አልነበረም። የሰጠናቸው የቃላት ዝርዝር የቃሉን ጓደኞች አይነግራቸውም ነበር።

እነዚህ መዝገበ ቃላት ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው የተሠሩት በአጋጣሚ አይደለም። ሆርንቢ የሚባል እንግሊዛዊ ከ1924 ጀምሮ ጃፓን ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ለባዕድ ተማሪ የሚሆን መዝገበ ቃላት አዘጋጀ። መጀመሪያ የታተመው ቶኪዮ ነው፤ በ1942። ኦክስፎርድ ወስዶ ያሳተመው በ1948 ነው። ይሄን ሳውቅ ደስ ብሎኛል። ቋንቋውን ከእናቱ ጡት ጋር ላልጠባ ሰው፣ ክፍል ውስጥ ቆሞ ባየ አስተማሪ የተሠራ መጽሐፍ ነው። እኔ የያዝኩት እትም ፍቺዎቹን የሚጽፈው በዋናነት በተመረጡ 3,000 ያህል ቃላት ነው። አንድ ከባድ ቃል ስትፈልግ ሌላ ከባድ ቃል አይጥልብህም።

አንድ ነገር ግን አይሰጥም። የቃሉን ሥር አይነግርህም። የታተመው መጽሐፍ ለዚያ አልተሠራም። ለዚያ የሄድኩት ወደ ሜሪያም ዌብስተር ነው። በነፃ ድረ ገጹ ላይ ይገኛል፤ ማስታወቂያውን ከታገሣችሁት። ይሄ የአሜሪካኖቹ ነው፤ ኖህ ዌብስተር በ1828 ካወጣው መዝገበ ቃላት የተወረሰ ሥራ። እዚያ ላይ «ኮጀንት» ከላቲኑ «ኮጌሬ» እንደመጣ አገኘሁ። «ኮ» ማለት አንድ ላይ ነው። «አጌሬ» ማለት መንዳት ነው። «ኤጀንት» እና «አክት» የሚሉት ቃላትም ከዚሁ «አጌሬ» ነው የተወለዱት። ሁለቱ ሲገጥሙ፦ አንድ ላይ ሰብስቦ መንዳት። ከዚያ ትርጉሙ ወደ ማስገደድ ሄደ።

ይሄን ያነበብኩ ሌሊት ብዙ ሰዓት ተቀምጫለሁ። እኔ ያደግሁት ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። ከብት ጠብቄያለሁ። አመሻሽ ላይ ከብቶቹን ሰብስቦ ወደ በረት መንዳት የእኔና የወንድሜ ሥራ ነበር። አንድ ዳለቻ ወይፈን ነበረን። ሁልጊዜ ክፍተት ይፈልጋል። በጤፉ ማሳ በኩል ይሞክራል፤ እዚያ ወንድሜ ቆሟል። በወንዙ በኩል ይሞክራል፤ እዚያ ውሻው አለ። ወደ ኋላ ዞር ይላል፤ እዚያ እኔ አለሁ። ትንሽ ይቆማል። ከዚያ በራሱ እግር በበሩ ይገባል። ማንም አልመታውም። ማንም አልጎተተውም። ሌላ መንገድ ስላልቀረው ነው የገባው።

ኮጀንት የሆነ ክርክር እንዲህ ነው የሚሠራው። አይጮህብህም። አይሰድብህም። አንድ በአንድ መውጫዎችህን ይዘጋል። «ግን እኮ» ልትል ታስባለህ፤ ለሱ መልስ አለው። «ምናልባት» ልትል ታስባለህ፤ እዚያም ቀድሞህ ቆሟል። መጨረሻ ላይ ወደ መደምደሚያው የምትገባው በራስህ እግር ነው። ኦክስፎርዱ ፍቺውን ሰጠኝ፣ ዌብስተሩ ሥዕሉን ሰጠኝ። ሁለቱን ጎን ለጎን መያዝ ያለባችሁ ለዚህ ነው።

ሥዕሉን ከያዝኩ በኋላ የአማርኛውን ቃል ፍለጋ ገባሁ። አማርኛ ድሃ አይደለም። ለዚህ ነገር ስንት ቃል አለን! ዋናው ግን የትኛው የት ይገባል የሚለው ነው።

«ውሃ የሚያነሳ ምክንያት» እንላለን። ደስ ይለኛል። ያልተሸነቆረ ዕቃ ያሳየኛል። ግን ብዙ ጊዜ የምንጠቀምበት ለማጣጣል ነው፤ «ውሃ የማያነሳ ሰበብ» ስንል። ደግሞም ቀዳዳ የለውም ማለት እንጂ ይነዳሃል ማለት አይደለም። «ሁነኛ ምክንያት» አለ። እሱ ለቡና ወሬም ለሽማግሌ ፊትም ይሆናል፤ ነገር ግን ከማስረጃ ጋር ሲገጥም ጆሮ ላይ ትንሽ ይጎረብጣል። «አጥጋቢ» አለ። እሱ «ይበቃኛል» የሚል ቃል ነው፤ ሚዛኑ ዝቅ ይላል። «የሚረታ ክርክር» አለ፤ ከድሮው ሙግት የመጣ ጥሩ ቃል። ዳኛ ፊት ቆመው ተሟግተው «ረታሁ» የሚሉ አዛውንቶችን ሰምቻለሁ። ግን መርታት ውጤት ነው። ኮጀንት የሆነ ክርክር ደግሞ ሊሸነፍም ይችላል። የሰማው ሰው ልቡን ከዘጋ፣ ወይም ተቃራኒው ማስረጃ ከበለጠ። ቃሉ የሚናገረው ስለ ክርክሩ ኃይል ነው፤ ስለ ፍርዱ አይደለም።

ወደ ሥሩ የሚቀርበው «መፈናፈኛ የሚያሳጣ» ነው። ይሄ የወይፈኑ ቃል ነው። በጣም ወደድኩት። ችሎት ላይ ግን አይሆንም። «መፈናፈኛ የሚያሳጣ ማስረጃ» ብል ሰሚው ምንም ጥርጣሬ ያልቀረ ይመስለዋል። መለኪያው ግን ያን ያህል አይጠይቅም። እጅግ የጎላ ዕድል ነው የሚጠይቀው። ከፍ አድርጌ ከተረጎምኩት ሕጉን ቀየርኩት ማለት ነው። «አስገዳጅ» የሚለውማ ጭራሽ አይታሰብም። በሕግ አማርኛ «አስገዳጅ» ማለት ሌላ ነገር ነው፤ የግድ መፈጸም ያለበት ማለት ነው። የላቲኑን ሥር አገኘሁ ብሎ ሥሩን መተርጎም እንዲህ ገደል ይከታል።

የመረጥኩት «ጠንካራ» የሚለውን ነው። «ግልጽ፣ ጠንካራ እና አሳማኝ ማስረጃ»። አያምርም ትሉ ይሆናል። ተራ ቃል ነው። ግን ሦስቱም ቆመዋል፣ አንዱ ሌላውን አይደግምም። ገበሬዋም ነርሷም ትረዳዋለች። የኦክስፎርዱ ፍቺም ይደግፈዋል። የመጀመሪያው ነገር ጥንካሬ ነው፤ ጥራቱን «ግልጽ» ወስዶታል፤ ማሳመኑን «አሳማኝ» ወስዶታል።

እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ የእህቴ ልጅ በቴሌግራም ደወለች። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ አንደኛ ዓመት ናት። አገር ቤት የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች «ሎጂክ ኤንድ ክሪቲካል ቲንኪንግ» የሚባል ትምህርት ይወስዳሉ።

«ጋሼ፣ ኮጀንት ማለት ምን ማለት ነው? ዲክሽነሪው ኮንቪንሲንግ ይላል። ፈተናው ላይ እንደሱ ብዬ መለስኩ፤ ኤክስ አደረገችብኝ» አለችኝ።

«ጥያቄው ምን ነበር የኔ ልጅ?» አልኳት።

አነበበችልኝ። አስተማሪዋ ልክ ናት። በሎጂክ ትምህርት ውስጥ ቃሉ የተወሰነ ትርጉም አለው። ኦክስፎርዱ ላይ ይሄ ትርጉም የለም። አጠቃላይ መዝገበ ቃላት ስለሆነ አልፈርድበትም፤ ግን ለዚያ ትምህርት የሚገዛው ካለ ይሄን ይወቅ።

እንዲህ አስረዳኋት። ክርክር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዲዳክቲቭ ነው፤ መነሻዎቹ እውነት ከሆኑ መደምደሚያው የግድ እውነት ነው የሚል። «ወንዝ ሁሉ ባሕር ይገባል። አዋሽ ወንዝ ነው። ስለዚህ አዋሽ ባሕር ይገባል።» አካሄዱ ትክክል ነው፤ ቫሊድ ይባላል። ግን አዋሽ ባሕር አይገባም። አፋር በረሃ ውስጥ ሐይቆቹ ጋ ነው የሚያልቀው። የመጀመሪያው መነሻ ሐሰት ነው። ስለዚህ ቫሊድ ሆኖ ሳውንድ አይደለም። ሳውንድ የሚባለው አካሄዱም መነሻዎቹም ደህና ሲሆኑ ነው።

ሁለተኛው ኢንዳክቲቭ ነው፤ መደምደሚያው የግድ ሳይሆን በጣም ይመስላል የሚል። «እስካሁን በማውቀው ዓመት ሁሉ ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ዘንቧል። ስለዚህ የሚመጣው ሐምሌም ይዘንባል።» መነሻው መደምደሚያውን በደንብ ከደገፈው ስትሮንግ ይባላል። ስትሮንግ ሆኖ መነሻዎቹም በሙሉ እውነት ከሆኑ፣ ያኔ ነው ኮጀንት የሚባለው። ሳውንድ ለዲዳክቲቩ እንደሆነው ሁሉ፣ ኮጀንት ለኢንዳክቲቩ ነው።

«መነሻው ሐሰት ሲሆንስ?» አለች።

«አበበ ቢቂላ ያሸነፋቸውን የኦሊምፒክ ማራቶኖች በሙሉ የሮጠው በባዶ እግሩ ነው። በሌሎች ውድድሮችም ሁሌ እንደዚያው ነበር። ስለዚህ ሌላ ማራቶን ቢጨምር ኖሮ በባዶ እግሩ ይሮጥ ነበር» አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ «ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጓል እኮ!» አለች።

አዎ። በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ነበር፤ በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ነው ያሸነፈው። መነሻው እውነት ቢሆን ኖሮ ድጋፉ ጠንካራ ነበር። ሐሰት ስለሆነ ግን አንኮጀንት ነው። ወዲያው ገባት። ድምፅዋ ተቀየረ። ያቺን ሰከንድ ነው ከማስተማር ሥራ ውስጥ የምናፍቃት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው አንድ ነገር የበራልኝ። ለእናትየዋ ኮጀንትን «ጠንካራ» ነው ያልኩት። ለእህቴ ልጅ ግን «ጠንካራ» ብላት ትወድቃለች። እዚያ ክፍል ውስጥ «ጠንካራ» የሚለውን ቦታ ስትሮንግ ይዞታል። ለእሷ ኮጀንት «አሳማኝ» ነው፤ መነሻው ተጣርቶ ያለፈ ጠንካራ ክርክር። ፍርድ ቤቱ ውስጥ ደግሞ «አሳማኝ» የሚለውን ቦታ ኮንቪንሲንግ ይዞታል። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል፣ ሁለት አማርኛ። ያቀያየረው ቃሉ አይደለም። አጠገቡ የቆመው ጎረቤት ነው።

መዝገበ ቃላት ስመርጥ አሁን የማየው ይሄንን ነው። ስንት ሺህ ቃል ይዟል ብዬ አልጠይቅም። ተመሳሳዩን ያሳየኛል? በምን ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው ያስቀመጠው? ለማን ፊት የሚባል ቃል ነው? ስምንተኛው እትም ለሦስቱም መልስ ሰጥቶኛል።

ከ«ኮጀንት» ብዙም ሳይርቅ «ኮሄረንት» አለ። ብዙ ሰው የሚያምታታቸው እነዚህን ነው። ኮሄረንት ማለት እርስ በርሱ የተያያዘ፣ ያልተበታተነ ማለት ነው። ባለፈው ክረምት የአንድ እድር ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ወርሃዊው መዋጮ ይጨመር አይጨመር ነበር ጉዳዩ። አንድ ሰው ተነሥቶ አሥራ አምስት ደቂቃ ተናገረ። ንግግሩ የተያያዘ ነበር፤ መጀመሪያ አለው፣ መጨረሻ አለው፣ ስለ አንድነትም ጥሩ አድርጎ ተናግሯል። ኮሄረንት ነበር። ግን መዋጮው ለምን መጨመር እንዳለበት አንድም ምክንያት አልሰጠም። ቀጥላ አንዲት እህት ተነሣች። በእጇ ሦስት ደረሰኝ ይዛለች። ባለፈው ዓመት አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ የወጣውን፣ ካዝናው ውስጥ የቀረውንና የአባላቱን ቁጥር አነበበች። «በዚህ ሂሳብ አንድ ሰው ብቻ ነው መላክ የምንችለው፤ ለሁለተኛው ለቤተሰቡ ምን እንላለን?» አለችና ተቀመጠች። ሦስት ደቂቃ አልፈጀባትም። አዳራሹ ጸጥ አለ። እጅ ማውጣት ሲጀመር ተቃዋሚዎቹም አወጡ። ያ ነው ኮጀንት።

አሁን ወደ ዕቃው ልመለስ። ለማን ነው የሚሆነው? ለአስተርጓሚ፣ ለአስተማሪ፣ ለዜግነት ፈተና ሳይሆን ከዚያ በላይ ለሚጽፍ ሰው፣ እዚህ ኮሌጅ ገብቶ ድርሰት ለሚጠየቅ። ገና «ሀሎ» ለሚል ጀማሪ ይከብደዋል፤ ፍቺው እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ ነውና። ለሙያ ትምህርት ብቻ የምትፈልጉት ከሆነ ደግሞ የትምህርቱን መጽሐፍ ያዙ፤ የእህቴ ልጅ የደረሰባት ይድረስባችሁ አልልም። የአማርኛ ፍቺ አይሰጥም። እኔ ይሄን እንደ ጉድለት አላየውም። ፍቺውን በእንግሊዝኛ ከገባኝ በኋላ አማርኛውን ራሴ እፈልጋለሁ፤ ያም ፍለጋ ነው ቃሉን የእኔ የሚያደርገው።

አዲሱን አሥረኛ እትም መግዛት ግዴታ አይደለም። በ2020 ነው የወጣው። ለእንደ ኮጀንት ዓይነቱ አሮጌ ቃል የድሮውም ይበቃል። ያገለገለ ስትገዙ መጀመሪያ ማሰሪያውን አጥብቃችሁ እዩ፤ መሀሉ ላይ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ መተኛት አለበት። የአነባበብ ምልክቶቹ ማብራሪያ ያለበት ገጽ አለመቀደዱንም አረጋግጡ። ያ ገጽ ከሌለ ግማሹ ጥቅም ሄደ። ሲዲው ባይኖር አትጨነቁ፤ እኔም አስገብቼው አላውቅም፤ ኮምፒውተሬ ማስገቢያ የለውም። ከመጽሐፉ ጎን የዌብስተርን ድረ ገጽ ክፍት አድርጉ። ትንሽ ደብተርም ያዙ። የእኔ ደብተር ላይ «ኮጀንት» ሁለት መስመር አለው፤ አንዱ ላይ «ችሎት፦ ጠንካራ»፣ ሌላው ላይ «ሎጂክ፦ አሳማኝ፣ መነሻው የተጣራ»።

አስተማሪ ሳለሁ የነበረኝ ኦክስፎርድ እህቴ ቤት ነው የቀረው። ሽፋኑ ተገንጥሎ በፕላስተር ተለጥፏል። የእህቴ ልጅ ባለፈው እሁድ ቤት ስትሄድ ከሳጥን ውስጥ አውጥታው ፎቶ ላከችልኝ። «ሲ» የሚለው ፊደል ላይ ነው የከፈተችው። «ኮሄረንት» ሥር እኔ ያኔ በእርሳስ ያሰመርኩት መስመር ደብዝዞ ይታያል። «ኮጀንት» ሥር ደግሞ አዲስ መስመር አለ፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ።